በቀኝ በኩል የተሰፋው ኪስ

ኪሱን ግራ መዳፏ ላይ ትዘረጋና አፉን ወደ ውስጥ ትቀለብሰዋለች፤ እጥፋቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር እየፈተገች ታስይዘዋለች። ቀጥሎ በኪሱ ልክ የተቆረጠ ካርቶን ሆዱ ላይ ታስቀምጥና ትርፉን ጨርቅ በካርቶኑ ዙሪያ አጥፋ ካውያ ታሳርፍበታለች። ካርቶኑ በትኩሱ ሲሳብ ኪሱ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ከዚያ የጃኬቱን የደረት ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ታነጥፋለች። ቁራጩ ላይ በሳሙና ስንጥር የተሰመረ ቀጭን ነጭ መስመር አለ፤ የኪሱ አፍ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ታስቀምጠዋለች፣ በእጇ ታሻሸዋለች፣ በስፒል ትይዘዋለች።

እዚህ ላይ ሌላ ሰፊ ብትሆን ወደ ማሽኗ ትዞር ነበር። እሷ ግን ቁራጩን በሁለት እጇ አንስታ የገዛ ደረቷ ላይ ትለጥፈዋለች፣ እንደ ለበሰችው አድርጋ። ኪሱ በልቧ በኩል መዋሉን በጣቷ ነካ ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ ነው መርፌው ሥር የሚገባው። ጥጉ ላይ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት፤ የልጅ ኪስ የሚቀደደው ሁልጊዜ ከጥጉ ነውና።

ይህን ደረት ላይ መለጠፍ በስፌት ቤቱ ውስጥ ከሷ ሌላ የሚያደርገው የለም። ካውያውን የያዘው ልብስ ተኳሽ ምላሱ አያርፍም፤ ባየ ቁጥር ይጀምራታል።

«ዛሬም ራስሽን ልትሸልሚ ነው? ሜዳልያው የታለ?»

ዝም ትለዋለች። ዝም ማለት ልማዷ ነው። ከዚያም የተነሳ እዚህ ቤት ስሟ «ዝምታ» ነው፤ አሠሪዋም ደንበኞችም በዚሁ ነው የሚጠሯት።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ከፍ ያለ አጥር፣ በየክፍሉ መጋረጃ፣ ግራጫ ጃኬት ያለው የግል ትምህርት ቤት ነበር የተማረችው፤ እዚያ ስሟ «ሬዲዮ» ነበር። ጠዋት ጠዋት ተማሪው ሲሰለፍ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆማ ዜና የምታነበው እሷ ነበረች። ከጃኬቷ የደረት ኪስ የታጠፈ ወረቀት መዘዝ ታደርግና ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ስትጀምር፣ ኋላ የሚንጫጩት እንኳ ጸጥ ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ኪሱ በቀኝ በኩል ነበር። ለምን በቀኝ እንደሆነ የጠየቀ የለም። እጇ ግን መንገዱን ለምዶታል፤ በየማለዳው፣ ልጅነቷን ሙሉ፣ በግራ እጇ ወደ ቀኝ ደረቷ።

መምህራኑም ወላጆቹም «ይቺ ልጅ ጋዜጠኛ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው!» ይሉ ነበር። ትምህርቷን ስትጨርስ አንድ ጣቢያ ሄዳ ተፈተነች። «ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ እንጠራሻለን» አሏት። ጠበቀች። እየጠበቀች ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለማይሆን ለጊዜው ብላ የስፌት ሥልጠና ገባች፤ ለጊዜው ብላ አሠሪዋ እትዬ ስፌት ቤት ተቀጠረች። ጣቢያው አልጠራትም፤ ለጊዜው ያለችው ነገር ዕድሜዋን እንደ ክር ጠቀለለው። ሥራው ክፉ አልነበረም፣ እጇም አልሰነፈም። ችግሯ ሌላ ነበር። አብረዋት የተማሩትን መንገድ ላይ ስታይ ማዶ ትሻገር ነበር።

ማዶ መሻገር ያልቻለችው ስልኳ ውስጥ ሲመጡባት ነው። ትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ሲዘጋጅ የድሮ ተማሪዎች ግሩፕ ተከፈተ፣ እሷንም አንዱ ከተታት። አሁን የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር የሆነችው ያኔ አጠገቧ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ናት። ምክትሏ ጥያቄ አቀረበች፦ እያንዳንዱ የቀድሞ ተማሪ አሁን ምን እየሠራ እንደሆነ በድምፁ ቀርጾ ይላክ፤ በበዓሉ ቀን ተማሪው ተሰልፎ በድምፅ ማጉያ ይሰማዋል። ድምፆቹ መጉረፍ ጀመሩ። አንዱ አብራሪ ሆኗል። አንዷ የጥርስ ሐኪም ናት። አንዱ ጠበቃ ነኝ ይልና ጠበቃ እንደሆነ እስኪሰለች ይደግማል። በመሀል አንዱ ጻፈ፦ «ሬዲዮ የት ሄደች? ዜናውን በሷ ካልጀመርነው በዓል አይሆንም!»

ቤቷ ገብታ፣ በሩን ዘግታ ቀረጸችው።

«ጤና ይስጥልን ውድ ተማሪዎች። በአሁኑ ሰዓት በፋሽን ዲዛይን ሙያ ተሰማርቼ የራሴን ድርጅት በመምራት ላይ እገኛለሁ።»

ድምፁ እንደ ውሃ ወረደ። ግሩፑ በጭብጨባ ተሞላ። እናቷ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ትሰማ ኖሮ ቀና አለች።

«ድምፅሽ ያው የድሮው ነው፣ ተባረኪ። ድርጅት ያልሽው ግን የቱን ነው?»

«እንዲሁ ለመናገር ያህል ነው፣ እማዬ።»

«እኔማ ማሽኑን መስሎኝ ነበር» አለች እናቷ ተመልሳ እየተጋደመች። «ለካ እሱም የእትዬ ነው።»

ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ አንድ ቀን እየሳቀች ገብታ ትልቅ ሥራ ማግኘቷን ተናገረች፤ ለአንድ የግል ትምህርት ቤት በዓል ግራጫ ጃኬት። የትምህርት ቤቱን ስም ስትሰማ ዝምታ አወቀችው፤ የተማረችበት ነው። ግን ማን ያውቃል? ዕቃ የሚያደርሰው ሹፌሩ ነው፣ የሚነጋገሩት እትዬና ትምህርት ቤቱ ናቸው። አንገቷን ደፍታ ከሠራች ያልፋል።

ሥራው ተከፋፈለ። ቆራጩ ጋሼ መቀስ ናቸው፤ የዕድሜያቸውን ግማሽ መቀስ ይዘው ያሳለፉ፣ ሲቆርጡ ትንፋሻቸውን የሚይዙ ሽማግሌ። ጨርቁን ፊት ለፊት ደርበው ያነጥፋሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ኪስ የሚወጣበትን በሳሙና ስንጥር ያሰምራሉ። ጠመኔ አይወዱም። ሳሙና ካውያ ሲነካው ይጠፋል፣ ልብሱ ላይ ዱካ አይተውም ይላሉ። ኪስ ሰፊዋ ዝምታ ናት። ለናሙና የተላከው ጃኬት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ኪሱ በግራ ነው፣ ዘመኑ ቀይሮታል። አይታዋለችም። ግን ኪሶቹን በሰፋችበት ቀን ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ነበር። የክፍል ጓደኞቿን ድምፅ አንድ በአንድ እየሰማች፣ የራሷንም እየደጋገመች ነበር የሰፋችው። አብራሪው ስለ ደመና ሲያወራ፣ ግራጫው ጨርቅ እጇ ላይ ሲንሸራተት፣ እጇ የሚያውቀውን መንገድ ሄደ። ኪሱን ሁሉ በቀኝ ሰፋችው። በደብዛዛው ግራጫ ላይ በግራው ቁራጭ የተሰመረውን የሳሙና መስመር አላየችውም፤ ተኳሹም ካውያውን ሲያሳልፍበት መስመሩ ጠፋ። ገጣጣሚዎቹ እጅጌና ገበር ለማያያዝ እንጂ ኪስ ለመመርመር አልተቀመጡም። የመጀመሪያው ዙር ጃኬት ታጥፎ፣ በከረጢት ታስሮ ሄደ።

በማግስቱ ምክትሏ ራሷ ከተፍ አለች።

ዝምታ መጀመሪያ የሰማችው ጫማዋን ነው። ቀጥሎ ሳቋን። ያን ሳቅ በጨለማም ቢሆን ታውቀዋለች፤ ስንት ክፍለ ጊዜ ከአጠገቧ ታፍኖ ሰምታዋለች። የክር ማጠንጠኛ ወደቀብኝ ብላ ማሽኑ ሥር ገባች። ወለሉ ላይ ብጥስጣሽ ክርና የተሰበረ መርፌ አለ። በዚያ መሀል በእጇና በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ቆሌዋ ተገፎ፣ የምክትሏን ጫማ እያየች ቀረች።

«እትዬ፣ ጃኬቱ ቆንጆ ነው» አለች ምክትሏ። «ግን ኪሱ በቀኝ ነው! እኛ ተማሪ ሆነን ነበር በቀኝ የነበረው። ሳየው በሳቅ ልሞት፤ የኛ ጊዜ ኪስ!»

እትዬ ክው አለች። «ምን አልሽኝ? ናሙናው እኮ ይኸው ተሰቅሏል!»

«ድሮ የኛን ዩኒፎርም የሠራ ሰው ይኖር ይሆናላ እዚህ። ያረጀ ሰው እጁ ወደ ለመደው ይሄዳል።»

የሁሉም ዓይን ጋሼ መቀስ ላይ አረፈ። ማሽኑ ሥር ሆና እግራቸውን አየች፤ አልተንቀሳቀሱም።

«ጨርቁን ገልብጠው አሰምረውት ይሆናላ፣ ጋሼ» አለች እትዬ። ጨርቅ ሲደረብ ከተገለበጠ የግራው ምልክት ቀኙ ላይ ይወድቃል፤ የቆራጭ ስህተት ነው፣ በሁሉም ላይ ይደርሳል።

«እኔ ለዚያ ትምህርት ቤት...» ብለው ጀመሩ ጋሼ መቀስ፣ ከዚያ አመነቱ። «ድሮ ቆርጬላቸው አላውቅም። ወይስ ቆርጫለሁ? እንጃ። ገልብጬውም ይሆናል።»

ምክትሏ ክፉ ሰው አይደለችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ያለው ድምፅ ግን ማሽን ሥር ላለ ሰው ይበልጥ ይሰማል። «እትዬ፣ አባታችንን ላስከፋቸው አይደለም። ግን የቀረውን ሌላ ሰው ይቁረጠው። በዓሉ ደርሷል፤ ደግሞ እንዲህ ቢሆን እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

ጫማው ወጣ። ዝምታም ወጣች፣ ጉልበቷን እያራገፈች።

«አገኘሽው?» አላት ተኳሹ።

«ምኑን?»

«ማጠንጠኛውን ነዋ! የባቡር ሐዲድ ሥር የገባ ይመስል ስንት ሰዓት ፈለግሽው!»

ከሰዓት በኋላ ቅርጫቷን ስታራግፍ አንድ የደረት ቁራጭ ከሥሩ ወጣ። የግራ ቁራጭ ነው፤ ከትርፎቹ አንዱ፣ ካውያ ያላየው። ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። የጋሼ መቀስ የሳሙና መስመር ቀጭን፣ ነጭ፣ እንደ ፀጉር ቀጥ ብሎ በግራ ተሰምሯል። አልገለበጡም። እጃቸው አልሳተም። ይህችን ቁራጭ ለእትዬ ማሳየት ብቻ ይበቃ ነበር።

ግን ማሳየት ማለት «ታዲያ በቀኝ ማን ሰፋው?» ነው። «አንቺ ለምን በቀኝ?» ነው። «እዚያ ተምሬ ነው» ነው። ከዚያ ምክትሏ፣ ከዚያ ግሩፑ፣ ከዚያ «የራሴን ድርጅት በመምራት ላይ እገኛለሁ»።

ካውያው አጠገቧ ነበር። ቁራጩን አነጠፈች፣ ካውያውን አሳረፈች፣ አነሳች። መስመሩ ጠፍቷል። ጨርቁ እንደ አዲስ ሆነ። እሷ ግን እስከ ዛሬ ያ የግራጫው ጨርቅ ሙቀት መዳፏ ላይ እንዳለ ነው የምትናገረው።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ የመለሳቸውን ጃኬቶች ኪስ መፍታት ተጀመረ። ስፌቱን በምላጭ ጫፍ እየበጠሱ፣ ክሩን በጣት እየለቀሙ፣ የቀረውን የመርፌ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ካውያ አሳርፎ በእንፋሎት መድፈን። ፈቺዋ እሷ፣ ደፋኙ ተኳሹ። ጋሼ መቀስ ከቆራጭ ጠረጴዛ ተነስተው ጥግ ላይ ቁልፍ እንዲተክሉ ተደረገ። መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እግራቸው ሥር አስቀመጡት። ለማንም አልሰጡትም፣ ግን አልነኩትም።

ማጉረምረም እንኳ አላጉረመረሙም። ቢያጉረመርሙ ይሻላት ነበር። ይልቅ አንድ ቀን ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ እሷ መነጽሯን ረስታ ተመለሰች። ጋሼ መቀስ ቆራጭ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል። ብጣሽ ጨርቅ ደርበው አነጠፉ፤ በሳሙና አሰመሩ፤ ገለበጡ፤ አዩ። እንደገና ደረቡ፤ አሰመሩ፤ የገዛ ደረታቸው ላይ አድርገው በየት በኩል እንደሆነ በእጃቸው ዳሰሱ። ግራ እጃቸውን አነሱ፣ ልጅ ግራና ቀኙን ሲማር እንደሚያደርገው፣ አዩት። ሲያዩአት ፈገግ አሉ።

«እየተለማመድኩ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ዓይኔ ነው ብዬ ነበር። ዓይኔ ደህና ነው። ጭንቅላቴ ሳይሆን አይቀርም። ልጆቼ ሰሞኑን አንድ ነገር ስናገር እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ለካ ለዚህ ነው።»

መነጽሯን አነሳች። ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ምሳዋን ሳትከፍት ይዛው ተመለሰች። ከሰዓት እትዬ ስትገባ ያች ተተኩሳ የጠራች ቁራጭ እጇ ላይ ነበረች።

«እትዬ፣ ኪሱን በቀኝ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጋሼ በግራ ነበር ያሰመሩት። ይቺ ላይ ነበር መስመሩ። እኔ ነኝ በካውያ ያጠፋሁት።»

ማሽኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ዝምታ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ስትናገር የሰማ የለም።

«ለምን?» አለች እትዬ።

«እዚያ ስለተማርኩ።»

እትዬ አልጮኸችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ለኔ መንገርሽ ዋጋ የለውም» አለች። «እሳቸው አይቁረጡ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ምክትሏ ናት። ለሷ ንገሪያት። አሁን። እኔ እየሰማሁ።»

ስልኩ ሁለት ጊዜ እንኳ አልጠራም።

«ሬዲዮ!» አለች ምክትሏ ገና ድምፅ ስትሰማ። «እግዜር ነው ያስደወለሽ! ያንቺን ድምፅ መጀመሪያ ላይ ነው የምናሰማው፤ ለተማሪዎቹ አወራሁላቸው እኮ!»

«ስለ ጃኬቱ ነው የደወልኩት።»

«የምን ጃኬት?»

«ኪሱ በቀኝ የተሰፋው። ሽማግሌው አይደሉም ያጠፉት። እኔ ነኝ። ከስፌት ቤቱ ነው የምደውለው።»

«እዚያ ምን... ሥራውን ያንቺ ድርጅት ነው እንዴ የወሰደው?»

«ድርጅት የለኝም። እዚህ እሰፋለሁ። ኪስ እሰፋለሁ።»

ከወዲያ በኩል የሆነ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ያን ቀን ስመጣ ነበርሽ?»

«ነበርኩ። ማሽኑ ሥር።»

ብትስቅ፣ ብትቆጣ፣ «አታፍሪም?» ብትል አንድ ነገር ነበር። ምክትሏ ግን ለስላሳ ሆነች፤ የተማሪ ወላጅ ስታነጋግር የምትጠቀምበትን ድምፅ አወጣች። «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም፣ ሥራ ሥራ ነው» አለች። ዝምታ ያን «አይዞሽ» እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ከዚያ ምክትሏ ትንሽ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀች፦ «ድምፅሽን ታዲያ... እናሰማው? ወይስ እውነቱን አድርገሽ እንደገና ትቀርጪልናለሽ?»

«አታሰሚው» አለች። «ጋሼን ግን እንዲቆርጡ ንገሪ። አሁን ለእትዬ ንገሪያት፣ እየሰማች ነው።»

ምክትሏ ነገረች። እውነቱን ለመናገር፣ ለሌላ ለማንም አላወራችም። በበዓሉ ጠዋት የአብራሪው፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ የጠበቃው ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወጣ። ግራጫ ጃኬት የለበሱ ልጆች ተሰልፈው ሰሙ። በቀኝ ደረታቸው ላይ በእንፋሎት የተደፈነው የቀዳዳ ዱካ ለሰፊ ካልሆነ ለማንም አይታይም። በግሩፑ ውስጥ አንዱ «ሬዲዮ ምነው ጠፋች?» ብሎ ጻፈ። እስካሁን አልመለሰችለትም። ስንቴ ስልኩን አንስታ «ጤና ይስጥልን» ብላ ጀምራ አቁማለች። እናቷ ከአልጋዋ ላይ፣ «ጨርሺዋ፣ ዜናው አልደረሰሽም?» ትላታለች።

ለጋሼ መቀስ ያን ቀን እዚያው ይቅርታ ጠይቃቸዋለች። ከሁሉ አስቀድመው የጠየቋት ስለ ስድብም ስለ ውርደትም አልነበረም።

«አልገለበጥኩም ማለት ነው?»

«አልገለበጡም፣ ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ። እንደ ፀጉር ቀጥ ያለ ነበር።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። መቀሳቸውን ከጨርቁ ፈቱ፣ ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስል ነበር፤ አላበቃም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሰመሩ በኋላ አይቆርጡም። መቀሱን አንስተው ይቆማሉ። ቀና ብለው ይጠራሉ፦ «ልጄ፣ ነይ እስኪ። በየት በኩል ነው?» እሷ ትሄዳለች፣ ታያለች። መስመሩ ሁልጊዜ ልክ ነው። «ልክ ነው፣ ጋሼ» ትላለች። እሳቸውም ፈገግ ይሉና፣ «አንቺማ እንዲህ ትያለሽ» ብለው ሌላ ሰው ይጠራሉ። በክፋት አይደለም የሚሉት። የሷ ቃል በካውያ የጠፋው አብሮ ነው፣ ከሳሙናው ጋር።

እሷም ደረቷ ላይ መለጠፉን የጀመረችው ያኔ ነው፤ ተኳሹ ቢቀልድ ይቀልድ።

ስለዚህ ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ልመና አላት፤ ስለ ራሷ አይደለም። የድሮ የክፍል ጓደኞቿ ከሆናችሁም አታጽናኗት፣ «አይዞሽ» አትበሏት። ግን ልብስ ልታሰፉ፣ ልታሳጥሩ ወይም ቁልፍ ልታስተክሉ እዚያ ቤት ከገባችሁ፣ ከበሩ በስተቀኝ ረጅሙ ጠረጴዛ አጠገብ መቀስ የያዙ ሽማግሌ ታያላችሁ። ጨርቅ አንጥፈው፣ አሰምረው፣ ሰው ይጠባበቁ ይሆናል። ጠጋ በሉና መስመሩን እዩት፤ ልክ ከሆነ፣ ልክ መሆኑ አይቀርም፣ «ጋሼ፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ይቁረጡት» በሏቸው። ከሷ አፍ አያምኑም። ከናንተ ያምናሉ።